ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ፋይሎችሽን እያቸው

እታለም፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአጭሩ ያልሽው ይሄ ነው። 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለሽ፣ ውስጡ የቤተሰብ ሰርግ፣ ክርስትና፣ መዝሙር፣ ፊልም፣ ምኑ ቅጡ ተደባልቆ ሞልቷል። እናትሽ ሳሎን በቴሌቪዥን፣ ልጆቹ በስልክ፣ አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ ስትሆኚ እንድታዪው ትፈልጊያለሽ። ፍላሽ መሰካትና መንቀል ሰልችቶሻል። ኮምፒውተር ላይ ያለን ቪዲዮ በዋይፋይ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ከሚያቀብሉት ፕሮግራሞች ፕሌክስ ነው ጄሊፊን የሚሻለኝ፣ አዲስ ኮምፒውተርስ ልግዛ ወይ ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች በሙሉ ስለ ማሽን ነው ያወሩት። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ ይሄን ነገር ቤቴ ውስጥ ከዘረጋሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ገንዘብሽን አታውጪ ባይ ነኝ። ቢያንስ አሁን አታውጪ።

እኔም የጀመርኩት እንዳንቺ ነው። እማዬ ሳሎን፣ እኔ ጓሮ ሰርቪሱ ውስጥ፣ ታናሽ እህቴ ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ተማሪ ነበረች። አንድ ሃርድ ዲስክ በሦስት ሰው እጅ ይዞራል። አንዴማ ከባጃጅ ላይ ወድቆ ነው የተመለሰው። ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣለ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነበረኝ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ፣ ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ጄሊፊን ጫንኩበትና ቴሌቪዥኑ ስር አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ሰርቨሬ፣ ማለትም ቪዲዮውን ለሌሎቹ የሚያቀብለው ማሽን፣ እሱ ነው።

ለምን ላፕቶፕ ካልሽ ባትሪ ስላለው። የመብራቱን ነገር እዚሁ ከተማ ለምትኖሪው አልነግርሽም። ዴስክቶፕ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይወድቃል፣ ላፕቶፕ ምንም እንዳልሰማ ይቀጥላል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ እኔ የተቀጣሁት በዚህ ነው። ውጪ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት አለው። ትልቁ፣ 3.5 ኢንች የሚባለው፣ ለብቻው ሶኬት ላይ የሚሰካ አዳፕተር አለው፣ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ቢቆይም እሱ ድርግም ይላል። ትንሹ፣ 2.5 ኢንቹ፣ ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ አብሮ ይቆያል። እኔ በዋጋው ተታልዬ ትልቁን ገዛሁ። ፎርማቱ፣ ዲስኩ ፋይል የሚደረድርበት ዘዴ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ኤክስፋት ነበር። ኤክስፋት እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት የት ደርሶ እንደነበር የሚያይበት መዝገብ የለውም፣ ኤንቲኤፍኤስ ግን አለው፣ ሊኑክስ ላይ ያለው ኤክስት4ም አለው። አንድ ሰኔ ማታ ፋይል እየገለበጥኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ ግማሹ ፎልደር ባዶ ነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ የተረፈው ካሜራማኑ ቤት ኮፒ ስለነበረ ብቻ ነው።

ራውተሩንም አትርሺው። እሱ ከጠፋ ላፕቶፑ ብቻውን ቢበራ ለማን ሊያሳይ ነው? ለራውተር የሚሆን ትንሽ 12 ቮልት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ አለ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን የራውተርሽ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት እይ፣ ሁሉም 12 አይደለም።

ባትሪውን በሚመለከት፣ ዓመቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ላፕቶፕሽ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ቅንብር ካለው አብሪው። ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ስር ያለ ክፍል ምጣድ ነው፣ ስለዚህ አየር እንዲያገኝ ከግድግዳ አርቂው። እማዬ አንድ ቀን ‹‹አቧራ እንዳይገባው ብዬ ነው›› ብላ ዳንቴል አልብሳው አገኘሁት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ማሽን ግዢ የሚልሽ በትራንስኮድ ምክንያት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ የያዘውን ፋይል ቴሌቪዥኑ እንዳለ ማንበብ ከቻለ ሰርቨሩ ሥራው ማቀበል ብቻ ነው። ይሄ ዳይሬክት ፕሌይ ይባላል፣ አሮጌ ማሽንም አይከብደውም። ቴሌቪዥኑ ፋይሉን ካላወቀው ግን ሰርቨሩ እዚያው ቁጭ ብሎ እየተረጎመ ነው የሚልከው። ላፕቶፑ የሚግለው፣ ምስሉ ቆሞ ክቧ ምልክት የምትሽከረከረው ያኔ ነው። እና ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ለመተርጎም አቅም ያለው ማሽን ትገዢያለሽ፣ ወይ ማስተርጎም የማያስፈልገው ፋይል ታዘጋጃለሽ። ሁለተኛው ነፃ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈጅብሽ፣ እሺ፣ ጥቂት ሌሊቶች።

እኔ ይሄን ያወቅኩት በእህቴ ሰርግ ነው። ካሜራማኑ በ4ኬ አንስቶ፣ በኤች.265 (አዲሱ የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ) አድርጎ፣ በሰከንድ 60 ሜጋ ቢት የሚፈስ ፋይል ሰጠን። አራት ሰዓት ነው ርዝመቱ። አስዪው እስቲ፣ በሰከንድ 60 ሜጋ ቢት ማለት በሰዓት 27 ጊጋ ነው፣ አራት ሰዓቱ ከ100 ጊጋ ያልፋል። ቤቱ ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሊወርዱ ሲሉ ቀጥ። አምስት ሰከንድ ይሄዳል፣ ቀጥ። አንዷ አክስቴ ‹‹ይህቺ ልጅ ዛሬም አትወርድ?›› አለች። እኔ ደግሞ ላፕቶፑን መሳደብ ጀመርኩ። ጥፋቱ የላፕቶፑ አልነበረም። ያ ቴሌቪዥን ኤች.265 አያውቅም፣ ላፕቶፑ 4ኬውን በቀጥታ ሊተረጉም ይታገላል።

መፍትሔው ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ወደ ቀደም ያለው ማመቂያ ወደ ኤች.264፣ የምስሉን መጠን ከ4ኬ ወደሚያንሰው 1080፣ ድምፁን ወደ ኤኤሲ፣ መያዣውን (ምስሉና ድምፁ አብረው የሚታሸጉበትን የፋይል ዓይነት) ወደ ኤምፒ4 ቀየርኩት። ጥራቱን የሚወስነው አርኤፍ የሚል ቁጥር አለ፣ ለ1080 ከ20 እስከ 24 ድረስ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል። እኔ 22 ላይ ነው የምተወው። ማታ አስጀምሬው ተኛሁ፣ ጠዋት አላለቀም ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። ከ100 ጊጋ ወደ 9 ጊጋ ገደማ ወረደ፣ ከሶፋ ላይ ሆኖ ልዩነቱን ያየ ሰው የለም። ዋናውን ፋይል ግን እንዳትሰርዢው! ለብቻው አስቀምጪው፣ የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣው ቴሌቪዥን ያነበዋል።

ሁሉንም ፋይል መቀየር የለብሽም። ከቴሌግራም የወረደው ፊልም አብዛኛው ድሮም ኤች.264 ነው፣ እንዳለ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ምስሉ ደህና ሆኖ መያዣው ኤምኬቪ ስለሆነ ብቻ ነው ቴሌቪዥኑ እምቢ የሚለው፣ ያ መያዣውን መቀየር ብቻ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። የትኛው እንደሚያስቸግር ለማወቅ ደግሞ መገመት አያስፈልግም። ፊልሙ እየታየ ሳለ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ ክፈቺ፣ ትራንስኮድ እያደረገ ከሆነ ምክንያቱን ጭምር ይነግርሻል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ እያየሁ አስቸጋሪዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከስድስት መቶ ምናምን ፋይል አርባ አይሞሉም።

አንድ ድብቅ ወጥመድ አለ፣ ሰብታይትል። በጽሑፍ ፋይል ያለው፣ ኤስአርቲ የሚባለው፣ ችግር የለውም። ከዲስክ የተቀዳው ግን ጽሑፉ በምስል መልክ ነው፣ ያንን ስትከፍቺ ሰርቨሩ ምስሉ ላይ ሊለጥፈው ሲል ሙሉውን ቪዲዮ እንደገና ይተረጉማል። ‹‹ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ›› የሚሉት አንዳንዴ ይሄ ነው፣ ትናንት ሰብታይትል አልከፈቱም። የአማርኛ ሰብታይትል ደግሞ አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይመጣል፣ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው። ለእማዬ የማዘጋጀውን በሃንድብሬክ ምስሉ ላይ አትሜ ነው የምሰጣት።

ዋይፋይ። 2.4 ጊጋሄርዙ ሩቅ ይደርሳል ግን ጠባብ ነው፣ ጎረቤቱም ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። 5 ጊጋሄርዙ ሰፊ ነው ግን ብሎኬት ግድግዳ ያቅተዋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኚው፣ ከተቻለ ቴሌቪዥኑንም። ይሄ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል። እኔ ጓሮ ላለው ሰርቪስ በግቢው ላይ ኬብል ዘርግቼ ነበር፣ ክረምት ላይ መብረቁ ሲያጉረመርም ቆይቶ የራውተሩን አንድ ቀዳዳ አቃጠለው። አሁን በአየር ላይ የተዘረጋ ኬብል የለኝም።

ፕሌክስ ወይስ ጄሊፊን? ፕሌክስ ያምራል፣ አፑም የትም ቴሌቪዥን ላይ አለ፣ ቤት ውስጥ ለማየት ብቻ ከሆነ ነፃ ነው። ነገር ግን ከፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 ማብቂያ ጀምሮ የራስሽን ቪዲዮ ከቤት ውጪ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። በዶላር ነው፣ ካርዱ ከየት ይመጣል። ጄሊፊን ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በ2018 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኤምቢ የሚባለው ፕሮግራም ኮዱን ሲዘጋ ተገንጥለው የወጡ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ለኔ የወሰነልኝ ሌላ ነገር ነው። የጄሊፊን አካውንት እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ለመግባት ኢንተርኔት አይጠይቅሽም። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የእኛ ቤት ፊልም አልተቋረጠም። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን እየገለበጠ ሲያይ እማዬ መዝሙሯን እየሰማች ጥጥ ትፈትላለች። ዋይፋይ እና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም፣ ይሄን ለብዙ ሰው ማስረዳት ያቅተኛል።

ከጫንሽው በኋላ በብሮውዘር የምትገቢው በላፕቶፑ አይፒ አድራሻ፣ ራውተሩ በሰጠው ቁጥር፣ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብና 8096 ይጨመርበታል። አድራሻው በየጊዜው እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ አስሪው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ቅንብሩን ቀይሪ። የቴሌቪዥንሽ መደብር ውስጥ የጄሊፊን አፕ ከሌለ አንድሮይድ ቦክስ ይበቃል።

የቤተሰብ ቪዲዮ ስትጨምሪ ዓይነቱን ‹‹ፊልም›› ብለሽ አትምረጪ። ፊልም ካልሽው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ፖስተር ያመጣል። የእኛን ክርስትና የማናውቀው ሽጉጥ የያዘ ሰውዬ ፖስተር ለጥፎበት አረፈው፣ እማዬ ተቆጣች። ‹‹የቤት ቪዲዮና ፎቶ›› የሚለውን ምረጪ። የአማርኛ ፊልሞችንም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም፣ ፖስተሩን ራስሽ ማስገባት ነው።

ከቤት ውጪ ስለማየት። ሰው ራውተር ላይ በር ክፈቺ ይልሻል፣ ፖርት ማለቱ ነው። መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ከውጪ የተሰጠውን አይፒ እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አንድ አድራሻ ከብዙ ሰው ጋር ተጋርተሻል ማለት ነው፣ በር ብትከፍቺም ማንም አይገባም። ባይሆንም አትክፈቺ፣ ለሌባም ነው የሚከፈተው። ቴይልስኬል የሚባለውን ላፕቶፑም ስልክሽም ላይ ጫኚ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ቤት ያገናኛቸዋል። ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ መንገድ ላይ ስትሪም አላደርግም። ከቤት ሲወጣ ወሳኙ የምታወርጂበት ፍጥነት ሳይሆን ከቤትሽ ወደ ውጪ የሚላክበት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ነው። በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ብታደርጊው እንኳ በሰዓት 675 ሜጋ ዳታ ይበላል። ዘጌ በጀልባ ስሄድ ወይ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስወጣ፣ ማታውኑ ቤት ዋይፋይ ላይ እያለሁ በአንድሮይድ አፑ ስልኬ ላይ አወርደዋለሁ። ሐይቁ መሃል ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም። ለስልክ ብለሽ የ480፣ ከ1080ው የሚያንስ፣ ኮፒም አዘጋጂ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሁለቱንም በፎልደሩ ስም ሰይመሽ የትንሹ መጨረሻ ላይ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ክፍተትና 480 ከጻፍሽ ጄሊፊን ሁለቱን እንደ አንድ ፊልም ቆጥሮ የቱን ልክፈት ብሎ ያስመርጥሻል። ውጪ ያለው ወንድሜ ሰርጉን ያየው በዚያች በ480ዋ ነው፣ አልቆመበትም።

ደግሞ ሃርድ ዲስክሽ አንድ ብቻ ከሆነ ዛሬ ይሄን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት የቤተሰቡን ቪዲዮ ብቻ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ፊልሙ ተመልሶ ይገኛል። እኔ የአባቴን የበገና ካሴት ቀድቼ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት በሦስት ቦታ ነው ያለው፣ አንዱ እህቴ ጋ፣ ሌላ ሰፈር።

አሁን ሁለት ነገር ላኪልኝ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ሞዴሉ የተጻፈበትን ፎቶ አንሺው፣ ላፕቶፕ አለኝ ያልሽውም ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ንገሪኝ። ስድስተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ኤች.265 በራሱ ቺፕ ማገዝ ይችላል፣ እንደ እህቴ ሰርግ ያለ ከባድ 4ኬ ላይ ግን አትተማመኚበት፣ ቅንብሩን እኔ እልክልሻለሁ። ከዚያ በታች ከሆነም ሃንድብሬኩን ዛሬ ማታ አስጀምሪው፣ መብራት ካለ።