ፍቅርና ፍርሃት የተጋቡባቸው ጨዋታዎች፦ ጥያቄና መልስ

የፍቅር ጨዋታን ከአስፈሪ ታሪክ ጋር የሚያዋህዱ፣ በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች የተሠሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ እነርሱ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የአንዳንዶቹን ምስጢር ሳልገልጥ መመለስ ስለማይቻል፣ «ምስጢር ይገልጣል» ያልኩባቸውን መልሶች ገና ያልተጫወታችሁ እለፏቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፍቅርና ሽብር ምን አገናኛቸው? አንዱ ሌላውን አያበላሸውም?

መልስ፦ አያበላሸውም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። የምንወደው ሰው ሊጎዳን የሚችልበትን በር የምንከፍትለት እኛው ነን። ዋናው ምክንያት ግን የጨዋታዎቹ አሠራር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በተለመደው የፍቅር ጨዋታ የገጸ ባሕርይዋ ስሜት በቁጥር ይያዛል። ደስ የሚላትን መልስ ስትመርጥ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስታስከፋት ይቀንሳል፤ በቂ ሲሆን «እወድሃለሁ» ትልሃለች። ካልተሳካልህ ጨዋታውን ቀደም ብለህ ወዳስቀመጥክበት («ሴቭ» ወዳደረግክበት) ቦታ ተመልሰህ ሌላ መልስ ትሞክራለህ። አሁን ነገሩን ከእርሷ ወገን ሆነህ ተመልከተው። አንድ ሰው ልብህ እስኪከፈትለት ድረስ ጊዜን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ቃላቱን እየቀያየረ ይፈትንሃል፤ አንተ ግን ምንም አታስታውስም። ሽብሩን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም፤ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል።

በ1994 የወጣው የኮናሚ «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» የዚህ ዘርፍ ታላቅ ወንድም ነው። በእርሱ ውስጥ ችላ ያልካት ልጅ የቦምብ ምልክት ይወጣላታል፤ ካላስታረቅሃት ይፈነዳል፣ ወሬው ይዛመትና ሌሎቹም ልጆች ይቀየሙሃል። ማንም አስፈሪ ጨዋታ ብሎ አልጠራውም። የተናቀ ፍቅር እንደ ፈንጂ የሚቆጠርበት ዓለም ግን ያኔ ተዘጋጅቷል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች ያንን ቦምብ ሰው አደረጉት።

ጥያቄ፦ አንድም ተጫውቼ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ»። በ2023 ያወጣው ብላክ ታቢ ጌምስ የተባለው የካናዳ ስቱዲዮ ሲሆን፣ መሥራቾቹ ባልና ሚስት ናቸው። አነሣሡ ቀላል ነው፦ በጫካ መንገድ ላይ ነህ፤ በመንገዱ መጨረሻ ጎጆ አለ፤ በጎጆው ምድር ቤት አንዲት ልዕልት ታስራለች፤ ካልገደልካት ዓለም ይጠፋል ይልሃል ተራኪው። ማመን ወይም አለማመን የአንተ ፋንታ ነው። ቢላዋውን ይዘህ ብትወርድ አንዲት ልዕልት ታገኛለህ፣ ባዶ እጅህን ብትወርድ ሌላ። ፈርተሃት ከሆነ የምትፈራውን ትሆናለች፤ ካዘንክላት ያዘንክላትን። ጨዋታው ገና ሲጀምር ይህ የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ይነግርሃል፣ እስከ መጨረሻውም ቃሉን ይጠብቃል። ሥዕሎቹ በእርሳስ የተሣሉ ናቸው፤ ድምፅ የሰጡት ሁለት ተዋንያን ብቻቸውን ዓለሙን ይሞሉታል። ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ጥያቄ፦ «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» የኮምፒውተሬን ፋይሎች ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው? ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ (ምስጢር ይገልጣል።) ቫይረስ አይደለም። የሚነካው የራሱን ፋይሎች ብቻ ነው። ዳን ሳልቫቶ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በ2017 ሠርቶ በነጻ ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ «ካራክተርስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለምታገኛት ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ፋይል አለው። ታሪኩ ሲሄድ ፋይሎቹ ይጠፋሉ፣ ያስቀመጥካቸው ቦታዎችም ይሰረዛሉ። ሞኒካ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የተጠቃሚ ስም አንብባ በዚያ ልትጠራህ ትችላለች። ብዙዎችን ከወንበራቸው ያስነሣው ይህ ነው። በመጨረሻም ለመቀጠል አንተው ራስህ ከጨዋታው ወጥተህ ፋይሏን በእጅህ መሰረዝ አለብህ። «ጨርስ» የሚል ቁልፍ የለም፤ እጅህ ይሠራዋል።

ሰዎች ስለ ፋይሎቹ ብዙ ያወራሉ፤ እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። በየምሽቱ ግጥም ለመጻፍ ሃያ ቃላት ትመርጣለህ፣ እያንዳንዱ ቃል ከሳዮሪ፣ ከናትሱኪ ወይም ከዩሪ አንዷን ደስ ያሰኛል። የክበቡ ሊቀ መንበር የሆነችው ሞኒካ ግን የእኔ የምትለው አንድ ቃል እንኳ የላትም። የፍቅር ጨዋታ ውስጥ ገብታ ልትመረጥ የማትችል ሆና ተፈጥራለች፤ ይህንንም ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የምታደርገው ክፋት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ሠሪው ጭካኔዋን ሳያቃልል ሥሩን አሳየን፤ ይህ በተለመደ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥም ቢሆን ከባድ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን ለመጫወት ኃይለኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ጽሑፍ፣ ቋሚ ሥዕልና ድምፅ ናቸው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችላቸዋል። በ2024 መጨረሻ እንደወጣው «ሚሳይድ» ያሉ ባለ ሦስት አውታር ጨዋታዎች ግን ከዚህ ውጪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከርግቦች ጋር ስለሚደረግ የፍቅር ጨዋታ ሰማሁ። ይህንንም ከአስፈሪዎቹ ትቆጥረዋለህ?

መልስ፦ በእርግጥ እቆጥረዋለሁ። «ሃቶፉል ቦይፍሬንድ» በ2011 ሃቶ ሞአ በሚባሉ ጃፓናዊት ሠዓሊ ለአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ተብሎ ተጀመረ፤ በ2014 ታድሶ በሰፊው ተሰራጨ። በወፎች ትምህርት ቤት የምትማር ብቸኛ ሰው ነሽ፤ የምትመርጪው ከርግቦች መካከል ነው። ያስቃል። (ከዚህ በኋላ ያለው ምስጢር ይገልጣል።) የየርግቡን ታሪክ ስትጨርሺ ግን አዲስ መንገድ ይከፈታል፤ እርሱም የሚጀምረው በአንቺ ግድያ ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ቀልዶቹ አንድ በአንድ ማስረጃ ይሆናሉ፣ በዚያ ዓለም ሰው ለምን እንደጠፋም ትረጃለሽ። አንድ መንገድ ብቻ ጨርሰው የሚተዉት ሰዎች ግማሹን እንኳ አላዩትም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ጨዋታዎች ቅናትንና ክትትልን ፍቅር አስመስለው አያሳዩም? እኔን ያሳስበኛል።

መልስ፦ አንዳንዶቹ ያስመስላሉ፣ ስጋትሽም ተገቢ ነው። ተቀናቃኝን የሚገድል አፍቃሪ ያለባቸው፣ ጃፓኖች «ያንደሬ» የሚሉትን ዓይነት ገጸ ባሕርይ የያዙ አጫጭር ጨዋታዎች በጣም ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቢላዋውን እንደ ጌጥ ብቻ ይጠቀሙበታል። እኔ አንድ ጨዋታ ሲያጋጥመኝ የማየው «አይሆንም» ማለት ምን ዋጋ እንዳለው ነው። «አይሆንም» ስትዪ ጨዋታው ያንን ቃል አክብዶ ይይዘዋል ወይስ ወደ «እሺ» መሄጃ መሰላል ያደርገዋል? ተጎጂዋስ የራሷ ሐሳብ አላት ወይስ ለአፍቃሪው ስሜት ማድመቂያ ናት? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚያልፍ ጨዋታ፣ የቱንም ያህል ደም ቢኖርበት፣ ስለ በደል እውነቱን እየተናገረ ነው።

በ2021 የወጣው የኪትፎክስ «ቦይፍሬንድ ደንጀን» በውስጡ ተጫዋቹን አልተውም ብሎ የሚከታተል ሰው አለ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ተጫዋቾች መግቢያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በቂ አይደለም አሉ፣ ስቱዲዮውም ማስጠንቀቂያውን አስተካከለ። ትክክል አደረገ እላለሁ። ታሪኩ ይቆይ፤ ሰው ግን የሚገባበትን አውቆ ይግባ። ማስጠንቀቂያ ድንጋጤውን ያበላሻል የሚሉትን አልቀበላቸውም፤ ድንጋጤው በዝምታ ብቻ የሚቆም ከሆነ ሥራው ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ «ዶኪ ዶኪ»ን ሲጫወት አየሁት። ሥዕሉ የሕፃናት ይመስላል። ልከልክለው?

መልስ፦ እርስዎን ያሳሰበዎት ነገር በቂ ምክንያት አለው። ጨዋታው ሲከፈት ለሕፃናትና በቀላሉ ለሚረበሹ ሰዎች እንደማይሆን ራሱ ይናገራል። በውስጡ ራስን መጉዳትና ራስን ማጥፋት በግልጽ ይታያሉ። እኔ በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ አልሰጠውም። ነገር ግን አስቀድሞ ካየው ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ ምን እንዳየና ምን እንደተሰማው በእርጋታ ይጠይቁት፣ ሳያቋርጡ ያዳምጡት። የራሱን ስሜት በአንዷ ገጸ ባሕርይ በኩል የሚነግርዎት ከመሰለዎት በቀጥታ ይጠይቁት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም ያማክሩ። በ2021 የወጣው «ፕላስ» የተባለው እትም ስለ ልጆቹ ጓደኝነት የሚናገሩ፣ ሽብር የሌለባቸው ታሪኮች ተጨምረውበታል፤ ዋናው ታሪክ ግን በዚያው ውስጥ ስላለ እርሱን ለልጅ አማራጭ አድርጌ አላቀርብም።

ጥያቄ፦ ሳላዝን የምፈራበት አለ?

መልስ፦ «ሰከር ፎር ላቭ፦ ፈርስት ዴት»፣ 2022። ከጥንታዊ አማልክት አንዷን በጥንቆላ መጽሐፍ ጠርተህ ለመሳም ትሞክራለህ። ሥርዓቱን ስትሳሳት መጥፎ ነገር ይደርስብሃል። አጭርና ደስ የሚል ነው።

ጥያቄ፦ ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን አልችልም።

መልስ፦ «ሬንፓይ»ን አውርድ። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነጻ መሣሪያ ነው፤ «ዶኪ ዶኪ»ም «ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ»ም በእርሱ ነው የተሠሩት። አጻጻፉ ከተውኔት ጋር ይቀራረባል፤ የተናጋሪውን ስም ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ ንግግሩን፣ ከዚያ ምርጫዎቹን።

ከባዱ ጽሑፉ ነው። ጀማሪዎች ለማስፈራራት ይቸኩላሉ፤ በሦስተኛው ደቂቃ ደም ይፈሳል፣ ተጫዋቹም ለማያውቃት ልጅ አይደነግጥም። «ዶኪ ዶኪ» የመጀመሪያ ሰዓታቱን በግጥምና በጨዋታ ብቻ የሚያሳልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሽብር የሌለበት የፍቅር ታሪክ ጻፍ፣ እርሱ ብቻውን እስኪያስደስት ድረስ። አንድ ክፍል፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ፣ ሦስት ምርጫዎች ይበቃሉ። ከዚያ የገጸ ባሕርይዋን አንድ ደግ ልማድ ውሰድ፤ ለምሳሌ የተናገርከውን ሁሉ የምታስታውስ ትሁን። ተጫዋቹ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መልስ ሲመርጥ ግን የመጀመሪያውንም መልስ እንደምታስታውስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አሳየው። ስትጨርስ ጨዋታውን ለአንድ ወዳጅህ ስጠው፣ አጠገቡ ተቀመጥ፣ ምንም አታስረዳው፤ የት ላይ ፈገግ እንዳለና የት ላይ ማንበቡን እንዳቆመ ብቻ መዝግብ። ሁለተኛው ረቂቅህ ከዚያ ማስታወሻ ይጀምራል።