ሊኬጅ መፈለጊያ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ፦ ጠያቂያችን የአንድ መካከለኛ ከተማ ውሃ አገልግሎት ባለሙያ ናቸው። ባለፈው በጀት ዓመት 1,200,000 ሜትር ኩብ አምርተው 780,000 ሸጠዋል፤ 35 በመቶው ገቢ አላስገኘም። 9,000 ደንበኛና 110 ኪሎ ሜትር መስመር አላቸው፤ ውሃው በአማካይ በቀን 14 ሰዓት ይለቀቃል። ለሊኬጅ (ከቱቦ ለሚያፈስ ውሃ) መፈለጊያ መሣሪያ በጀት ስለተያዘ የትኛውን እንግዛ ነው ያሉት።

መሣሪያው ትንሽ ይቆይ። በጥያቄው መሐል «ምርቱን የምናሰላው በፓምፕ ሰዓት ነው» የምትል ሐረግ አለች፤ ነገሩ መጀመሪያ የተበላሸው እዚያ ነው። ፓምፑ ላይ የተጻፈውን አቅም በሠራበት ሰዓት ማባዛት ምርቱን አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ለምሳሌ 20 ሊትር በሰከንድ የሚለው ቁጥር የሚሠራው ውሃው ለተወሰነ ከፍታ ሲገፋ ብቻ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ሲሸሽ፣ ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ) ሲበላ፣ የመግፊያው ቱቦ ውስጡ ሲጠብ ምርቱ ይወርዳል፤ መዝገቡ ላይ ግን 20 ሆኖ ይቀጥላል። እውነተኛው ምርት በ12 በመቶ ዝቅ ብሎ ቢገኝ 1,056,000 ሜትር ኩብ ነው የሚሆነው፤ ብክነታችሁም ከ35 ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። አንድ ቱቦ ሳይጠገን! ስለዚህ የውሃ ኦዲቱ፣ ማለትም የተመረተውን ከተሸጠው ጋር ማመሳከሩ፣ ከጉድጓዱ አፍ ይጀምር።

ባልክ ቆጣሪ (ጠቅላላ ምርቱን የሚለካው ትልቁ ቆጣሪ) ካለ ዓይናችሁን መጀመሪያ የምትጥሉት አቀማመጡ ላይ ነው። የፕሮፔለር ቆጣሪ ከፊቱ የቱቦውን ስፋት 10 እጥፍ፣ ከኋላው 5 እጥፍ ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ኤሌክትሮማግኔቲክ የሆነው በአብዛኛው 5 እና 3 እጥፍ ይበቃዋል፤ ግን ቱቦው ምንጊዜም ሙሉ መሆን አለበት። ብዙ ቦታ የምናየው ቆጣሪው ከክርን ወይም ከጌት ቫልቭ ጋር ተጣብቆ ነው። ውሃው እየተሽከረከረ ስለሚገባ አዲስ ቆጣሪም ቢሆን ይዋሻል።

ቆጣሪ ቢኖርም ባይኖርም ምርቱን በሪዘርቫየሩ (በውሃ ማጠራቀሚያው) መፈተን ይቻላል፤ ወጪውም የብረት ሜትር ብቻ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 12 ሜትር የሆነ ክብ ሪዘርቫየር ወለሉ 113.1 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1.13 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። መጀመሪያ መግቢያውንም መውጫውንም ዘግታችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ደረጃው ከወረደ ወይ ሪዘርቫየሩ ያፈስሳል ወይ የመውጫው ቫልቭ አልዘጋም፤ እሱ ሳይስተካከል ፈተናው ዋጋ የለውም። ደረጃው ከቆመ መውጫውን እንደተዘጋ ተዉትና ፓምፑን አንድ ሰዓት አስነሱት። 20 ሊትር በሰከንድ ከሆነ ውሃው 63.7 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። የወጣው 56 ከሆነ የገባው 63.3 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 17.6 ሊትር በሰከንድ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ውጭ የተሰቀለውን የደረጃ ማሳያ አትመኑ፤ ገመዱ ስለሚያዝ በማንሆሉ በኩል ለኩ። ከፓምፑ እስከ ሪዘርቫየር ባለው መስመር ላይ የተቀጠለ ደንበኛ ካለ ለዚያች ሰዓት ዝጉት። የጉድጓዱ ቆጣሪ ትክክለኛነቱ በሌላ መንገድ ተረጋግጦ ሪዘርቫየሩ ከቆጣሪው ያነሰ ካሳየ ልዩነቱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይኸውም ራሱ አንድ ግኝት ነው።

እግረ መንገዳችሁን የሪዘርቫየሩን ማስተንፈሻ ቱቦ (ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን) አፍ በስስ ፌስታል ሸፍናችሁ እሰሩና ጧት ሂዱ። ፌስታሉ ተቀዶ ከተገኘ ሌሊት ሞልቶ ፈስሷል። በ20 ሊትር ለሁለት ሰዓት መፍሰስ 144 ሜትር ኩብ ነው፤ ኦፕሬተሩ ስለተኛ ብቻ።

ወደ ሽያጩ እንምጣ። የምርቱና የንባቡ ዘመን መግጠም አለበት። የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ጳጉሜ መሐሉ ላይ ትወድቃለች፤ የምርት ቅጹ ግን ብዙ ጊዜ 12 ረድፍ ብቻ ነው ያለው። የደንበኛ ቆጣሪ ጳጉሜን ሳይጠይቅ ይቆጥራል። የአምስት ቀን ምርት ከተዘለለ የዓመቱ 1.4 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፤ ብክነቱን በዚያው ልክ ያሳንሰዋል። በአንድ ወር መረጃ ባላንስ (የምርትና የሽያጭ ማመዛዘኛ) የሚሠራ ሰው ደግሞ የንባብ ቀን መንሸራተት ብቻውን ያሳስተዋል፤ ሙሉ 12 ወር ያዙ።

ከቢል ሲስተሙ የዓመቱን ንባብ ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ ሦስት ዓይነት ደንበኛ ለዩ፦ ፍጆታው ዜሮ የሆነ፣ ሦስት ወር ተከታታይ አንድ ቁጥር የደገመ፣ ካለፈው ዓመት ከግማሽ በታች የወረደ። ሁለተኛው «በር ተዘግቶ» በአማካይ የተሞላ፣ አለዚያም ቆጣሪው የቆመ ነው። አንባቢው ከቤቱ ሳይወጣ የሞላውም እዚሁ ይታያል። ትልልቆቹን ደንበኞች፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ፣ መኪና እጥበት፣ ለብቻቸው አንድ በአንድ ሂዱባቸው። አንድ የቆመ ባለ 2 ኢንች ቆጣሪ ሃምሳ መኖሪያ ቤት ያህል ሊያሳጣ ይችላል። ለራሳችሁ ቢሮ፣ ለእሳት አደጋ፣ ለመስመርና ለሪዘርቫየር እጥበት የሚወጣውም ብክነት ሳይሆን ተፈቅዶ ክፍያ የማይጠየቅበት ውሃ ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ቦኖም በጀሪካን ሒሳብ ሳይሆን በቆጣሪው ይነበብ።

የቆጣሪ ስህተት በእኛ ሁኔታ ከባድ ነው፤ ምክንያቱ ሮቶ (የቤት ውሃ ታንከር) ነው። ሮቶው ሊሞላ ሲል ፍሎቱ (ተንሳፋፊው መዝጊያ) ቀስ ብሎ ይዘጋና ውሃው እንደ ክር ይወርዳል። ክላስ ቢ የሚባለው ባለ ግማሽ ኢንች ቆጣሪ ዝቅተኛው ትክክለኛ ፍሰቱ በሰዓት 30 ሊትር ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ያሳንሳል፣ በጣም ሲቀንስ ጨርሶ አይዞርም። ባለ ብዙ ጄት ቆጣሪ አጋድሎ ሲተከል ደግሞ ይህ ይብስበታል። በተቃራኒው ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ስለዚህ «ቢሉ በዛብኝ» የሚል ደንበኛ ሁሉ ውሸታም አይደለም። በዕድሜና በስሪት ከፋፍላችሁ 60 እስከ 100 ቆጣሪ በዕጣ ምረጡ። በጀሪካን ስትፈትኑ 20 ሊትር የሚለውን ስሙን አትመኑ፤ ባዶውንና ሙሉውን መዝኑ፣ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። አንዴ ቧንቧውን ሙሉ ከፍታችሁ፣ አንዴ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል እንዲፈጅ አጥብባችሁ ሙሉት። ሁለተኛውን መዝለል ይቀላል፤ ኪሳራው ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

አሁን ባላንሱ። ስሌቱ እንዲታይ ብቻ 1,200,000ው ተረጋግጧል እንበል። ገቢ ያላስገኘው 420,000 ነው። ተፈቅዶ ክፍያ ያልተጠየቀበትን 18,000 እንያዝ። ፈተናው ቆጣሪዎቹ 6 በመቶ እንደሚያሳንሱ ካሳየ ደንበኛው በእውነት የተጠቀመው 780,000 ለ0.94 ሲካፈል 829,787 ነው፤ ልዩነቱ 49,787። (780,000ን በ6 በመቶ ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው።) ሕገ ወጥ ቅጥያ 150 ቢገመት፣ እያንዳንዱ በቀን 0.3 ሜትር ኩብ ቢወስድ፣ 16,425 ይሆናል። ለንባብና ለቢል ስህተት 9,000 ጨምሩበት። የንግድ ብክነቱ፣ ማለትም ተጠቃሚው ጋ ደርሶ ያልተከፈለበት ውሃ፣ በጠቅላላው 75,212 ነው። የቀረው 326,788 አካላዊ ብክነት (ተጠቃሚው ጋ ሳይደርስ የፈሰሰ ውሃ) ነው፤ በቀን 895 ሜትር ኩብ።

እዚህ ላይ ማቆም የለባችሁም። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ± ይጻፍ። የምርቱ ጥርጣሬ 5 በመቶ (60,000)፣ የሽያጩ 2 በመቶ (15,600)፣ የንግድ ብክነቱ 40 በመቶ (30,000 ገደማ) ቢሆን፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ፣ ደምራችሁ፣ ስኩዌር ሩቱን ስትወስዱ 69,000 ይመጣል፤ የአካላዊ ብክነቱ ጥርጣሬ ±21 በመቶ ነው። የምርቱን ጥርጣሬ ብቻ ወደ 2 በመቶ ብታወርዱ ወደ ±13 ይወርዳል። ሌላ ምንም ነገር ሳይነካ ይህን ያህል የሚያሻሽል ሥራ የለም፤ ከጉድጓዱ ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሪፖርታችሁንም ከመቶኛ አውጡት። የለቀቃ ሰዓት ከ14 ወደ 10 ቢወርድ ቱቦው የሚያፈሰውም አብሮ ይቀንሳል፤ ይህ ግን ጥገና አይደለም። ዓለም አቀፉ የውሃ ማኅበር የሚጠቀምበት ቀመር ይሻላል፦ የማይቀረው ዝቅተኛ ብክነት በቀን በሊትር = (18 × የመስመር ኪሎ ሜትር + 0.8 × የቅጥያ (ከዋናው መስመር ወደ ደንበኛ የሚገባ ቱቦ) ብዛት + 25 × ከግቢ ወሰን እስከ ቆጣሪ ያለው ቱቦ በኪሎ ሜትር) × አማካይ ግፊት በሜትር የውሃ ከፍታ። ቆጣሪው በአማካይ ከወሰኑ 5 ሜትር ገብቶ ከተተከለ 9,000ው 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግፊቱን 35 ሜትር ብንይዝ (1,980 + 7,200 + 1,125) × 35 = 360,675 ሊትር፤ ለ14 ሰዓት ሲመጠን 210 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 895 ለ210 ሲካፈል 4.3 ነው፤ ብክነታችሁ ከማይቀረው 4.3 እጥፍ ነው ማለት ነው። በታዳጊ አገሮች መመዘኛ ከ4 በታች ጥሩ፣ ከ4 እስከ 8 መሻሻል የሚገባው፣ ከ8 እስከ 16 መጥፎ፣ ከዚያ በላይ የከፋ ነው። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ከሰለቻችሁ ደብልዩቢ ኢዚካልክ የሚባል ነፃ የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ፤ የጥርጣሬውን ስሌት ራሱ ይሠራዋል።

በቀመሩ ውስጥ ከ10,305ው 7,200ው የቅጥያ እንደሆነ ልብ በሉ። መንገድ ያጥለቀለቀው ስብራት ስልክ ያስደውላል፤ በሰከንድ 10 ሊትር እያፈሰሰ በ6 ሰዓት ቢጠገን 216 ሜትር ኩብ ነው። ሳድሉ (ቅጥያውን ከዋናው ቱቦ ጋር የሚይዘው ማቀፊያ) ሥር በሰከንድ 0.1 ሊትር የሚያፈስ ቅጥያ ግን ማንም ሳያየው አራት ወር ሲቆይ፣ በቀን 14 ሰዓት ብቻ ቢፈስ እንኳ 605 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ኤችዲፒኢ የሚባለውን የፕላስቲክ ቱቦ በጋለ ብረት መብሳት ቀዳዳውን ጠማማ ስለሚያደርገው የሳድሉ ላስቲክ በትክክል አይቀመጥም፤ በመሰርሰሪያ ይበሳ። በካላማዳሪ ጠቅልሎ መቅበር ደግሞ ጥገና አይባልም፤ ግፊቱ ሌሊት ሲጨምር መልሶ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋው። ከ300 እስከ 1,000 ደንበኛ ያለው ሰፈር ምረጡና የወሰን ቫልቮቹን ዝጉ። ከዚያ መግቢያውን ለአጭር ጊዜ ዘግታችሁ ግፊቱ ዜሮ መድረሱን አረጋግጡ፤ ካልደረሰ አንዱ ቫልቭ ያሳልፋል ወይም በካርታው ላይ የሌለ መስመር አለ። ሮቶዎቹ ሁሉ እንዲሞሉ ሰፈሩ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ውሃ ያግኝ። ይህ ከተዘለለ ሌሊት የምትለኩት ሊኬጅ ሳይሆን የሚሞላ ሮቶ ነው። ከዚያ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት መግቢያው ላይ ለኩ፤ የሆቴሉንና የዳቦ ቤቱን ቆጣሪ በዚያው ሰዓት አንብባችሁ ቀንሱ። የቀረው በአብዛኛው ሊኬጅ ነው። በ24 ግን አታባዙት፤ የሌሊት ግፊት ከቀኑ ስለሚበልጥ ያጋንናል። ቫልቮቹን ከሩቁ ጫፍ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ስትዘጉ ፍሰቱ ድንገት የወረደበት ቅርንጫፍ የተጠረጠረው ነው።

እንግዲህ ስለ መሣሪያው። መስመራችሁ በአብዛኛው ፒቪሲና ኤችዲፒኢ ከሆነ ኮሪሌተር የሚባለው፣ ሊኬጁን በድምፁ የሚያፈላልገው ውድ መሣሪያ ያን ያህል አይጠቅማችሁም፤ ድምፅ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። በጀቱን ለአንድ ከውጭ የሚታሰር አልትራሶኒክ ፍሰት መለኪያ፣ ለሁለት ግፊት መዝጋቢና ለማዳመጫ ዘንግ አድርጉት። ዘንጉን የምታሳርፉት ቫልቭና ቆጣሪ ላይ ነው፤ ሌሊት፣ መስመሩ ግፊት ባለበት ሰዓት። አልትራሶኒኩ የቱቦውን የውጭ ዲያሜትርና የግድግዳ ውፍረት ይጠይቃል። በግምት የገባ ውፍረት የፍሰቱን ስፋት ስለሚቀይረው ፒቪሲው ላይ የታተመውን ፒኤን (የግፊት ደረጃ) አንብባችሁ አስገቡ፤ የብረት ቱቦ ከሆነ ውፍረት መለኪያ ተዋሱ።