ሪቢልዱን እንደገና ላስነሳው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ሥራችን ሁሉ ያለው ባለ አራት ሃርድ ዲስክ ሳጥን ላይ ነው፤ እያንዳንዱ 4 ቴራባይት፣ አሠራሩ ሬይድ 5 (መረጃው በዲስኮቹ ላይ ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት፣ አንዱ ቢጠፋ ከቀሩት የሚመለስበት ዘዴ)። ባለፈው ወር የአንዱ ዲስክ መብራት ቀይ ሆነ፤ ሥራ በዝቶብን ዝም አልነው። ትናንት በአዲስ ብንቀይረው ሪቢልዱ (የወደቀውን ዲስክ መረጃ ከቀሩት አስልቶ አዲሱ ላይ የመጻፉ ሥራ) 31 በመቶ ላይ ቆመ። አሁን ሌላኛው ዲስክ ስህተት ያሳያል፣ ፎልደሮቹም አይከፈቱም። እንደገና ላስነሳው?

መልስ፦ እባክዎ አያስነሱት። ሳጥኑን አሁኑኑ ያጥፉት። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ መጥፋት ብቻ ነው የሚችለው፤ ሪቢልድ ደግሞ የቀሩትን ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር፣ 12 ቴራባይት ያህል፣ ያነባል። የድሮ ሠርግ የተቀመጠበትና ለወራት ያልተነካ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) መበላሸቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ደግመው ባስነሱት ቁጥር የታመመውን ዲስክ ያደክሙታል።

ዲስኮቹን ከማውጣትዎ በፊት ከ1 እስከ 4 በማርከር ቁጥር ይጻፉባቸው። ባለፈው ወር የወደቀውንም ሆነ አዲሱን አይጣሉ፣ ፎርማትም አያድርጉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ስማርት መረጃ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን ሠንጠረዥ፣ ይዩ። ቁጥር 197 ላይ ከዜሮ በላይ ካለ ማንበብ ያቃተው ሴክተር አለ ማለት ነው። የሚጨምረው 199 ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኬብሉን ይጠርጥሩ።

ዋናው ሥራ መቅዳት ነው። 16 ቴራባይት የሆነ ባዶ ዲስክ የሦስቱን ሙሉ ቅጂ ይይዛል፤ የሚወጡትን ቪዲዮዎች የሚያስቀምጡበት ሌላ ዲስክ ደግሞ ለብቻው ያስፈልጋል። የታመመውን በዩኤስቢ ማቀፊያ ሳይሆን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ በሳታ ኬብል ይሰኩት፤ ብዙ ማቀፊያዎች መጥፎ ሴክተር ሲያገኙ ግንኙነቱን ይቆርጡታል። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ያስነሱ። ዊንዶውስ ላይ ከሰኩትና «ኢኒሻላይዝ ላድርግ?» ካለዎት እሺ እንዳይሉ።

በዲዲሬስኪው (ከተበላሸ ዲስክ የሚቀዳ የሊኑክስ ፕሮግራም) ከታመመው ይጀምሩ። በመጀመሪያው ዙር ደህናውን ክፍል ብቻ ይሰብስብ፣ የተበላሸውን ይዝለል፤ በሁለተኛው ዙር ወደተዘለለው ተመልሶ እስከ 3 ጊዜ ይሞክር። የማፕ ፋይሉን መስጠት አይርሱ። ይህች ትንሽ ፋይል እስከ የት እንደተነበበ ትመዘግባለች፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። እንደ ሱሉልታ ባለ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ያለ ዩፒኤስ ባይጀምሩት ይሻላል፤ በድንገት መጥፋትና መነሳት የታመመ ዲስክን ይጎዳል። ደህና 4 ቴራባይት ዲስክ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይወስዳል፤ የታመመው ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ አይቸኩሉ። ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ወዲያው ያቁሙት፤ ያ ብዙውን ጊዜ የማንበቢያው ጭንቅላት ጉዳት ነው፣ በሶፍትዌር አይድንም።

ሁለቱን ደህና ዲስኮችም እንዲሁ ይቅዱ። ከዚህ በኋላ የሚነኩት ቅጂዎቹን ብቻ ነው። አብዛኞቹ አነስተኛ ሳጥኖች ውስጣቸው ሊኑክስ ስለሆነ ሦስቱን ቅጂዎች በኤምዲአድም (ሬይድን የሚያስተዳድር የሊኑክስ ፕሮግራም) «አሴምብል» ትዕዛዝ፣ በንባብ ብቻ፣ ማገጣጠም ይቻላል። የታመመው ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ስለቀረ እምቢ ካለ «ፎርስ» ይጨምሩ። ባለፈው ወር የወደቀውን ግን አያስገቡት፤ የያዘው የወር አሮጌ መረጃ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ ፋይሎቹን ያበላሻል። «ክሪኤት» የሚለውን ትዕዛዝ ማንም ቢመክርዎ አይጻፉ፤ የዲስኮቹን ቅደም ተከተል የያዘውን መዝገብ በአዲስ ይተካዋል።

ሲከፈት መጀመሪያ ለደንበኛ ያልተሰጡትን ሠርጎች ያውጡና እያንዳንዱን ከፍተው ይዩ። ያልተነበበው ሴክተር ምስሉ መሐል ከወደቀ ቪዲዮው ለቅጽበት ይንቀጠቀጥና ያልፋል። የኤምፒ4 ፋይሉ ማውጫ ላይ ከወደቀ ግን ፋይሉ ጭራሽ አይከፈትም፤ እንዲህ ያለውን ሳይሰርዙ ለብቻ ያስቀምጡት፣ በዚያው ካሜራ ከተቀረጸ ደህና ፋይል ጋር አስተያይተው ማውጫውን መልሰው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ።

ጥያቄ፦ የማይነሳ ሃርድ ዲስክ ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ይነሳል የሚባለው እውነት ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይሞክሩት። ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ጭንቅላቱ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት ስለሆነ ያች ጠብታ ትበቃዋለች። ክዳኑን ቤት ውስጥ መክፈትም ያው ነው፤ በተለይ ግንባታ ባለበት ሰፈር አቧራው ወዲያው ይገባል።