ሆንዳ ወይስ ፖላሪስ? መጀመሪያ ቺንጋውን እንይ

ጥያቄው የመጣው ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ጠያቂው ከባለቤቱ ወንድም ጋር ሆኖ ብሬነርድ አካባቢ 20 ኤከር ዱር ገዝቷል። ከዋናው መንገድ እስከ ጎጆዋ ድረስ ሩብ ማይል ያህል የጠጠር መንገድ አለ። በረዶ ሲወርድ ይህን መንገድ መጥረግ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ የማገዶ እንጨት መጎተት ይፈልጋሉ። የያዙት 6,000 ዶላር ነው። ፎር ባይ ፎር የሆነ ኤቲቪ (ኮርቻው ላይ ተቀምጠው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ፣ ፎር ዊለር የሚባለው) ሲያፈላልጉ አራት አግኝተዋል። አንዱ የ2014 ሆንዳ ራንቸር 420 ነው፤ ማርሹ በአውራ ጣት በተን እየተጫኑ የሚቀየር፣ 2,900 ማይል እና 610 ሰዓት የሠራ። ሁለተኛው የ2016 ፖላሪስ ስፖርትስማን 570፣ 1,800 ማይል እና 150 ሰዓት። ሦስተኛው የ2015 ያማሃ ግሪዝሊ 700፣ ትልልቅ ጎማና ስኖርክል የተገጠመለት። አራተኛው አዲስ ሲኤፍሞቶ 500፣ ከበጀታቸው ትንሽ አለፍ ያለ።

«አንዱ ጓደኛዬ ሆንዳ አይሞትም ይለኛል። ሌላው ፖላሪስ በእሳት ይቃጠላል ይላል። የቻይናውን ደግሞ እንዳታስበው ተብያለሁ። ማንን ልመን?»

ወንድሜ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። እኛ ሐበሾች መኪና ስንገዛ ቶዮታ ብለን እንጀምራለን፤ ብዙ ጊዜም አያሳፍረንም። ፎር ዊለር ላይ ግን ስም ብቻውን ሩቅ አይወስድም። የሚሰበረው ስሙ አይደለም። ጉልበቱ ከሞተር ወደ ጎማ በምን በኩል እንደሚሄድ፣ ማሽኑ ደግሞ ከማን እጅ እንደመጣ ነው ማየት ያለብህ።

በመጀመሪያው ነገር ራንቸሩ ለብቻው ይቆማል። እውነተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ አለው። ሞተሩ በቁመቱ የተቀመጠ ስለሆነ ጉልበቱ በብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። መሀል ላይ የሚያልቅ ጎማ ነገር የለም። ሦስቱ ግን ሲቪቲ ናቸው። ማርሽ አትቀይርም፤ ሰፊ ቺንጋ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ይዞራል፣ ፑሌጃዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። ለመንዳት እጅግ ይመቻል። ግን ቺንጋው የሚሠራው በመያዝ፣ በሰበቃ ነው። ሙቀት፣ ውሃና አቧራ ጠላቶቹ ናቸው።

በረዶ መግፋት ደግሞ ለቺንጋ ከባዱ ሥራ ነው። ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጭነቱ ትልቅ ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቆም፣ እንደገና ወደፊት። በተነሳህ ቁጥር ቺንጋው ትንሽ ይንሸራተታል። ነጂው በስንፍና «ኤች» (ከፍተኛው ማርሽ) ላይ ትቶ ከገፋ ቺንጋው አንድ ቦታ ላይ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ስትነሳ ድም ድም እያለ ይነቀንቅሃል። ሲቪቲ ያለው ማሽን ከገዛህ ፕላው (በረዶ መግፊያው) ከተገጠመበት ጀምሮ ማርሹ «ኤል» (ዝቅተኛው) ላይ ይሁን። ይህን ብቻ ብታደርግ ከቺንጋ ጣጣ አብዛኛውን ታመልጣለህ።

ሁሉም ሲቪቲ ግን አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ያማሃ የሠራውን ነገር ማድነቅ አለብኝ። በፖላሪስ አሠራር ፑሌጃው ራሱ እንደ ፍሪሲዮን ያገለግላል። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ ቺንጋው ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ ጋዝ ስትሰጠው ፑሌጃው ይጨብጠዋል። የመነሳቱን ጣጣ ሁሉ የሚሸከመው ቺንጋው ነው። ያማሃ አልትራማቲክ በሚለው አሠራር ግን ቺንጋው ሁልጊዜ ውጥር ነው። መነሳቱን የሚሠራው ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ፍሪሲዮን ነው። ለዚህ ነው የያማሃ ቺንጋ ዕድሜው ረዘም የሚለው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጎማዎቹን ይዞ ያወርድሃል። ስፖርትስማን 570 ላይ ግን የሞተር ፍሬን ያለውም የሌለውም ስሪት ስላለ ሻጩን ጠይቅ፤ ቁልቁለት ላይም ሞክረው።

ስለዚህ በወረቀት ላይ ግሪዝሊው ለአንተ ሥራ ጥሩ ነው። 686 ሲሲ ነው፤ 1,322 ፓውንድ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ራንቸሩ 848 ፓውንድ ነው። ግሪዝሊው የፊት ዲፈረንሻሉን ሙሉ በሙሉ መቆለፍ ይችላል፤ ራንቸሩ አይችልም። ራንቸሩ «ኤል» የሚባል ዝቅተኛ ማርሽም የለውም፤ የሚሠራው በአንደኛ ማርሽ ነው።

ግን አንተ ያየኸው ግሪዝሊ ስኖርክል አለው። ስኖርክል የአየር መሳቢያውን ከፍ አድርጎ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል ቱቦ ነው። ሰው ይህን የሚገጥመው ጭቃና ረግረግ ውስጥ እስከ ኮርቻው ሊገባበት ነው። ትልልቁ ጎማ ደግሞ ቺንጋውን፣ ዘንጎቹንና ኩሽኔታዎቹን ከታሰበላቸው በላይ ያስጨንቃል። ማሽኑ ምርጥ፣ ሕይወቱ መጥፎ። እለፈው። ሻጩ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ውሃ የገባሁበት» ቢልህም እለፈው።

ፖላሪሱ ጋ ልምጣ። ስለ እሳቱ የሰማኸው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው 133,000 ያህል አርዜአር 900 እና 1000 ማሽኖችን በእሳት አደጋ ምክንያት ጠርቷል። በ2018 ደግሞ ስለ አርዜአርና ሬንጀር ጉድለቶች በወቅቱ አላሳወቀም በሚል፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ 27.25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ከአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል። እነዚህ ግን መሪያቸው እንደ መኪና የሆነ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው ማሽኖች ናቸው። አንተ ያየኸው ስፖርትስማን ሌላ ማሽን ነው። ቢሆንም የቪን ቁጥሩን (የማሽኑን መለያ) በኩባንያው ድረ ገጽ አስገብተህ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ኩባንያው ለጥገና የጠራው ነገር፣ እንዳለው እይ። ለሆንዳውም እንዲሁ አድርግ። የኤቲቪ ሪኮል የሚታየው በዚሁ ኮሚሽን ነው እንጂ የመኪና ሪኮል በሚያየው መሥሪያ ቤት አይደለም። ቪን ቁጥሩ ላይ አሥረኛው ፊደል ወይም ቁጥር የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፤ ሻጩ 2016 ብሎ 2014 እንዳይሸጥልህ።

የስፖርትስማን ልዩ ነገር የፊት ጎማው ነው። ፎር ባይ ፎሩን ስታበራ የፊት ጎማዎቹ ወዲያው አይጎትቱም። ፊት ያለው ዲፈረንሻል ውስጥ ማግኔትና ትንንሽ ሮለሮች አሉ። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሮለሮቹ ይነክሱና ሁለቱም የፊት ጎማዎች በአንዴ ይይዛሉ። ጎበዝ አሠራር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው በእጁ ያገኘውን የማርሽ ዘይት እዚያ ውስጥ ይጨምራል። ዘይቱ ሲወፍር ሮለሮቹ በደንብ አይነክሱም። «ፎር ባይ ፎሩ ሞተ» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ጥፋቱ ዘይት ወይም የተበጠሰ ሽቦ ብቻ የሆነ አለ። ፖላሪስ ለዚህ ቦታ ዲማንድ ድራይቭ የሚባል የራሱን ፈሳሽ ይሸጣል፤ እሱን አድርግ። ስትሞክረው ደግሞ ጠጠር ወይም በረዶ ላይ ይሁን፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አይሁን። ጋዙን ለቀቅ አድርገህ ስዊቹን አብራ፣ ከዚያ የኋላው ጎማ እስኪሽከረከር ስጠው። ፊቱ ሲይዝ በመሪው ይሰማሃል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 610 ሰዓት ስታይ አትደንግጥ፤ ግን ዝም ብለህም አትለፈው። ማይሉን ለሰዓቱ አካፍለው። ሆንዳው በሰዓት 5 ማይል አይሞላም። ቀስ እያለ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው ማለት ነው። ፖላሪሱ በሰዓት 12 ማይል ይመጣል፤ ይህ ሲነዳ የኖረ ነው። ሞተር የሚያረጀው በማይል ብቻ አይደለም። ሆንዳው እንደ ፖላሪሱ ቢነዳ ኖሮ ያ ሁሉ ሰዓት ከ7,000 ማይል በላይ ይሆን ነበር። ዋጋ ስትከራከር 2,900 ማይሉን ሳይሆን ይህን አንሳ።

ልታይ ስትሄድ ከመነሳትህ በፊት ደውልና «ሞተሩን እንዳታሞቀው» በል። ስትደርስ ሞተሩን በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ በብርድ ሲነሳ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) አውጣ፤ ከዲፕራተሩ በኋላ ወደ ሞተር በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣትህን አስገባ። ጣትህ ላይ አቧራ ካገኘህ ሞተሩ አሸዋ ሲጠጣ ኖሯል፤ ፋሻውም ሲሊንደሩም ተበልቷል። ስሙ ሆንዳም ቢሆን ወደ ቤትህ ተመለስ። ከሁሉም ምርመራ እኔ የማምነው ይህን ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ከዚያ የሞተሩንና የፊት ዲፈረንሻሉን ዘይት እይ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ፊቱን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ልቅነት ካለ ቦል ጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው ነው። ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ፤ እዚያ ካለ የመሪው ቴስቲና ነው። ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን እንዳልተቀደደ እይ። ፖላሪሱ ላይ የሲቪቲውን ክዳን ከፍተህ ቺንጋውን ማየት ትችላለህ። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከሳሳ ቺንጋ ትቀይራለህ። ይህ ግን ከዋጋው የሚቀነስ ነገር እንጂ የሚያስቀር አይደለም።

መካኒክ ይዘህ ከሄድክ በኮምፕሬሽን ጌጅ ብቻ እንዳይፈርድ። ብዙዎቹ ትልልቅ ነጠላ ፒስተን ሞተሮች ሲነሱ እንዲቀልላቸው ቫልቭ በጥቂቱ የሚከፍት ነገር አላቸው፤ ጌጁ ደህናውን ሞተር የደከመ ሊያስመስለው ይችላል። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ተሞልቶ ምን ያህል እንደሚያፈስ የሚታይበትን የሊክ ዳውን ምርመራ ይሥራልህ።

ሆንዳው ላይ ለብቻው የምታየው ነገር የበተን ማርሹ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ማርሽ፣ ደጋግመህ ቀይር። ዳሽቦርዱ ላይ በማርሽ ቁጥሩ ፈንታ ሰረዝ ከመጣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ አንግል ሴንሰር የሚባለው እየሄደ ነው። በዚህ ሞዴል የታወቀ ችግር ነው። ይጠገናል፣ ግን ሳታውቅ አትግዛው።

የሲኤፍሞቶውን ነገር ጓደኞችህ እንዳሉት በአንድ ቃል አልጥለውም። ኩባንያው የሃንግዡ ነው፤ የአሜሪካ ቢሮው ግን እዚያው አጠገብህ ፕሊመዝ ነው። አዲስ ስለሆነ ዋስትና አለው፤ ከዋጋው አንጻርም ብዙ ነገር ተገጥሞለት ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዕቃው በየሱቁ እንደ ሆንዳ ይገኛል ወይ? ከመግዛትህ በፊት ብሬነርድ አካባቢ ያለውን ሻጭ የቺንጋና የፊት ዘንግ ዋጋ ጠይቀው። በቅርብ ካለውና ወዲያው ከመለሰልህ ጥሩ ምልክት ነው። ፖላሪስ በዚህ በኩል አያሳስብህም። የሚኒሶታ ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሮዞ ላይ የተመሠረተ፣ ዕቃው በየከተማው አለ።

ሌሎቹን በአጭሩ፤ ካን አም ጉልበተኛ ነው፣ ለአንተ ሥራ ግን ከሚያስፈልግህ በላይ ነው። የሱዙኪ ኪንግኳድ ደህና የተያዘ ካገኘህ አትናቀው፤ የኋላ ፍሬኑ ዘይት ውስጥ የታሸገ ስለሆነ ጭቃና ጨው አይደርስበትም።

እኔ ብሆን? ዲፕራተሩና ማርሹ ካለፉ ሆንዳውን እወስዳለሁ። ካላለፉ ፖላሪሱን፣ አዲስ ቺንጋና ትክክለኛውን የፊት ፈሳሽ አድርጌ። ስኖርክል ያልነካው፣ ጎማው የፋብሪካው የሆነ ግሪዝሊ በዚሁ ዋጋ ብቅ ካለ ደግሞ ሁለቱንም ትቼ ወደ እሱ እሄዳለሁ፤ እንጨት መጎተት ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው።

አንድ ነገር አልጠየቅኸኝም፣ ግን ልበልህ። ሆንዳው፣ ፖላሪሱና ግሪዝሊው የአንድ ሰው ማሽን ናቸው። ልጅ ከኋላ አታስቀምጥ፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነም አይንዳው።

ሆንዳውን ከገዛህ የመጀመሪያው ወጪህ አዲስ ባትሪ ይሁን። ፕላውን የሚያነሳውና የሚያወርደው ዊንች (ገመድ የሚጠቀልለው ሞተር) በብርድ ባትሪ ይበላል፤ ማርሽህም በዚያው ባትሪ ነው የሚቀየረው። ዘይት ስትቀይር የመኪናህን ትርፍ ዘይት አትጨምርበት። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚለውን ምልክት ፈልግ። ለሚኒሶታ ጥር ደግሞ ከ10 ደብሊው 30 ይልቅ መመሪያው የሚፈቅደውን ቀጠን ያለውን 5 ደብሊው 30 አድርግለት።