ወላጅ አምጣ

ልጆቼ፣

አራት ኪሎ አካባቢ 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚገረጣ አውቀዋለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከባድ ነገርን ለወላጅ ስለ መንገር ነው፤ በአንዱ ልጅ ልጀምር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ሲጠፋ ወላጅ እንዲያመጣ ነገርኩት። በማግስቱ «አጎቴ ነው» ብሎ አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውዬው የለበሰው ኮት ሰፍቶት እጅጌው ጣቱን ሸፍኖታል። ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ጥፍሩ ውስጥ የገባው የጫማ ቀለም ታየኝ። የልጁን አባት ስም ጠየቅኩት። ዞር ብሎ ልጁን አየው። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ሰውዬውን በሰላም ሸኘሁትና «አባትህስ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እሱ ከሚሰማ ብሞት ይሻለኛል።»

ለካ በየቀኑ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከቤት ይወጣል፤ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 አደባባይ አካባቢ ሲዞር ይውልና ልክ በመውጫ ሰዓት ቤቱ ይገባል። የሚሸሸው ደግሞ እኔን ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት አቁሜው መልሱ ሲጠፋው ክፍሉ ሁሉ ስቆበታል። እኔም ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ጥፋቴን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

አባቱ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ሥራ አስፈትቼ አስጠራኋቸው። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ቁልፋቸውን በጣታቸው ያገላብጣሉ። ቆይተው «ምነው ለኔ ሳይነግረኝ?» አሉ። ከትምህርት መቅረቱን አላነሱትም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው አምኖ እሳቸውን መፍራቱ ነው የከፋቸው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ለወላጅ መንገር የሚያስፈራ የ12ኛ ክፍል ውጤት አለ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን በየቤቱ ስንት ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ «ገና አልተለቀቀም» ብሎ ይሆን? ጎረቤት ግን የራሷን ልጅ ውጤት ቡና ላይ ታነሳዋለች። እናታችሁ ውጤት መለቀቁን ስኒ እንደያዘች፣ ሰው መሃል ትሰማዋለች። ከውጤቱ ይልቅ እሱ ነው የሚያማት። ስለዚህ ማንም ሳይቀድማችሁ እናንተው ንገሯት።

ወላጆቻችሁ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባሉ ነው ያደጉት። ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ይሰማል እንጂ አይናገርም። እኔ አባቴን አንቱ እያልኩ አድጌ አንቱ እያልኩ ቀበርኳቸው። በልጅነታቸው ምን ያስፈራቸው እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። እናንተ ጠይቁ። የራሱን ጊዜ ያስታወሰ አባት ቁጣው ይበርዳል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሰዓት ምረጡ። አባት ደክሞት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አትጀምሩ። ፊት ለፊት ከከበዳችሁ አብራችሁ በእግር ሂዱ። ከፒያሳ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ አሁን ሰፍቷል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ከባዱ ነገር ቀለል ብሎ ይወጣል።

ቤታችሁ ዱላ ካለ ግን ብቻችሁን አትጋፈጡት። አክስት፣ ታላቅ እህት፣ የንስሐ አባት፣ የምታምኑት አስተማሪ ይዛችሁ ግቡ። ይህ ፈሪነት አይደለም፤ ሽማግሌ መላክ የቆየ ወጋችን ነው።

መጀመሪያው ቃል ከጠፋችሁ ይኸው፦ «አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ። እስክጨርስ ብቻ ስማኝ።» ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም በሉት። ቀሪውን እሱ ይጠይቃችኋል።