ድምፁ እዚህ፣ ሳንቲሙ እዚያ

«ብረት መፈለጊያ ማሽኑ (ዲቴክተሩ) ጥርት አድርጎ ይጮሃል፣ ስቆፍር ግን ዕቃው ሁሌ ከጉድጓዱ ጎን ነው የሚገኘው» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዲቴክተሩ ተበላሽቷል ብዬ ስረግመው ከረምኩ። ለካ የያዝኩትን ኮይል፣ ማለትም መሬት ላይ የሚወዛወዘውን የማሽኑን ሳህን፣ አላውቀውም።

መጀመሪያ እሱን እይ። ኮንሰንትሪክ (ክብ ሽቦ በክብ ሽቦ ውስጥ ያለበት) ከሆነ ኃይሉ ወደ ታች እንደ ሾጣጣ እየጠበበ ስለሚሄድ ድምፁ መሃሉ ላይ ነው የሚበረታው። ዲዲ (ሁለት የD ቅርጽ ሽቦዎች ጎን ለጎን የተደራረቡበት) ከሆነ ግን ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ፣ ማለትም ከፊት ጫፉ እስከ ኋላ ጫፉ፣ እንደ ቢላዋ ስለት ቀጭን መስመር ነው የሚያየው። ግራና ቀኙን ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል፣ ፊትና ኋላው ላይ ግን ይሸውድሃል። እኔ መሃሉ ስር ስቆፍር ሳንቲሙ አፍንጫው ስር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል!

ስለዚህ በመስቀል ፈልግ። ግራ ቀኝ አወዛውዝ፣ ድምፁ የበረታበትን መስመር በዓይንህ ያዝ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞረህ ቁምና ድገመው። ቁፋሮው ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበት ላይ ነው። በዲዲ እኔ የምወደው ሌላ ዘዴ አለ፦ አጭር አጭር እያወዛወዝክ ኮይሉን ቀስ ብለህ ወደ ራስህ ጎትት፣ ድምፁ ጥፍት ሲል ዕቃው እዚያው ከአፍንጫው ጫፍ ፊት ነው።

ማሽኑ ላይ ያለውን የፒንፖይንት ቁልፍ (ዕቃው ያለበትን ነጥብ ለይቶ የሚያሳየውን) ዕቃው አናት ላይ ሆነህ አትጫን። እዚያ ከተጫንከው ማሽኑ ብረቱን እንደ ባዶ መሬት ቆጥሮ ዝም ሊልህ ይችላል። ራቅ ብለህ ተጫን፣ ከፍታውን ሳትቀይር አምጣው። ድምፁ አሁንም ሰፊ ከሆነ የድምፁ ጠርዝ ላይ ቁልፉን ለቀህ እንደገና ተጫን፣ በብዙ ማሽኖች ይጠብባል።

ሁለቴ የሚጮህም አለ። ላይ ላዩን ያለ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ኮይሉን ከፍ አድርግ፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ዕቃው ላይ ላዩን ነው ያለው። አጋድሞ የተኛ ረጅም ሚስማርም በሁለት ጫፉ ይጮሃል፣ እሱ ስንቴ እንዳደከመኝ አትጠይቀኝ።

ሜዳ ከመውጣትህ በፊት ሳንቲም መሬት ላይ ጣልና ኮይሉን በላዩ እያሳለፍክ ድምፁ የት ላይ እንደሚበረታ ኮይሉ ላይ ምልክት አድርግ። ጠረጴዛ ላይ ከሞከርከው ሚስማር እንደሌለው አረጋግጥ፣ እኔ ግማሽ ቀን የጠረጴዛውን ሚስማር ሳድን ውያለሁ። ቀጥሎ 5፣ 10 እና 15 ሳንቲሜትር ላይ ቀብረህ ተለማመድ። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ፒንፖይንተር ግሩም ነው፣ ግን የሚጠቅምህ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ካጣኸው ደግሞ ያወጣኸውን አፈር ፈትሽ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።