ኮኬን ሁሉ ትል በላብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰበታ ነው። ግቢዬ ውስጥ እናቴ የተከለቻቸው አምስት የኮክ ዛፎች አሉ። ድሮ እኛ በልተን ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሳይበስል ይረግፋል፤ ስከፍተው ዘሩ አጠገብ ትል ተጋድሞ አገኛለሁ። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ግንዱን በካርቶን ጠቀለልኩት፣ ምንም አልያዘልኝም። ጎረቤቴ መድኃኒት እርጪ ይለኛል። ልጆች ከዛፉ እየቀጠፉ ስለሚበሉ ግን ፈራሁ። ደግሞስ ትሉን አውጥተን ብንበላው ችግር አለው?

መልስ፦ እንኳን አልረጩ! ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ኮክ በቢላ ይክፈቱና ትሉን በደንብ ይዩልኝ። ነጭ፣ እግር የሌለው፣ ራሱ የማይለይ ትል በብዛት ከተርመሰመሰ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ቡናማ ራስና ትንንሽ እግሮች ካሉት፣ ሲያድግም ወደ ሮዝ ቀለም ካደላ የእሳት ራት ልጅ ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሬ ውስጥ አንድ ብቻ ነው የሚገኘው፤ እርስዎም ያሉኝ «ትል» እንጂ «ትሎች» አይደለም። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የሚባለው ላይ ነው።

ይህ የእሳት ራት ከአፍሪካ የወጣ ነው። ክንፉ ተዘርግቶ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግራጫና ቡናማ ነው፣ የሚንቀሳቀሰውም ማታ ስለሆነ አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። ሴቷ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ፍሬው ቆዳ ላይ ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል ወዲያው ቆዳውን በስቶ ይገባል፤ ኮክ ላይ ብዙውን ጊዜ በእጀታው በኩል ገብቶ ዘሩን ዙሪያውን ይበላል። አንዴ ከገባ በኋላ ከላይ የሚረጩት መድኃኒት አያገኘውም፣ የሚያገኘው ልጆችዎ የሚበሉትን ቆዳ ነው። አልረጩ ያልኩዎት ለዚህ ነው።

ካርቶኑም የሚሠራው አፕል ለሚያጠቃው ለስሙ ተጋሪ፣ ለኮድሊንግ ሞዝ ነው። የዚያ ትል ከፍሬው ሲወጣ የግንድ ልጥ ስር ይደበቃል፣ ካርቶኑንም ልጥ መስሎት ይገባበታል። የእርስዎ ትል ግን መሬት ይወርድና አፈር ውስጥ ድር ፈትሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ እንደገና ወደ ዛፉ። ሞቅ ባለ ቦታ ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያልቃል፣ እንደ ሰበታ ባለ ብርድ ይረዝማል።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ያለው መሬት ላይ ነው። የረገፈውን ኮክ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይልቀሙ፣ ዛፉ ላይ ያለውንም ቀዳዳ ያለበትን ወይም ሙጫ ያወጣውን ይጨምሩበት። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ከመግባቱ በፊት ነው መቅደም ያለብዎት። የለቀሙትን ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥሉት፣ እዚያ እያደገ ነው የሚጠብቅዎት። በጋ ከሆነ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርገው አስረው ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ይተዉት። ክረምት ላይ ፀሐዩ ስለማይታመን ግማሽ ሜትር ቆፍረው ይቅበሩት። ሲያዩት ትንሽ ሥራ ይመስላል፣ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም፤ ብርቱካን ወደ ውጭ የሚልኩት የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች እንኳ በየሳምንቱ ለቅመው ያስወግዳሉ። ዛፉ አጭር ከሆነ ደግሞ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ይቻላል፣ ቢያንስ ለልጆቹ የሚሆን አንድ ሁለት ቅርንጫፍ።

ጎረቤትዎን ያናግሯቸው። ይሄ የእሳት ራት ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ሮማን፣ ቃሪያ፣ ጉሎም ይወዳል፣ የእርስዎ ኮክ ሲያልቅ አጥር ዘሎ እዚያ ይቆያል። ጽጌረዳም አይቀረው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ተባዮች ዝርዝር ስላስገባው፣ አበባ ወደዚያ ለሚልኩ እርሻዎችም ከባድ ራስ ምታት ነው።

ስለ መብላቱ፦ ትሉ አይመርዝም። የተበላውን ክፍል ሰፋ አድርገው ቆርጠው ይጣሉና ደህናውን ይብሉ፣ ማርማላታም ይወጣዋል። ሻጋታ ከያዘ ወይም ከኮመጠጠ ግን ሙሉውን ወደ ፌስታሉ።